አምፖልና ሕፃን በአንድ ጭን

ይህ የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት ግንቦት ነው። ቆቦ ውስጥ ቀልድ በማብዛት እኔን የሚበልጥ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም ሞቷል። ስለዚህ የምናገረውን የሚያምነኝ የለም። ይኼንን ግን እመኑኝ፤ ያን ቀን ባላመኑኝ ሰዎች መሀል ተቀምጬ ነው ነፍሴ ልትወጣ የነበረው። ዛሬም የሚኒባስ በር ሲዘጋ ጭኔ ይቀዘቅዛል።

ሥራዬ ፊልም ማሳየት ነው። በምሠራባት ትንሽ አዳራሽ ውስጥ በዕድሜ ከእኔ ብዙም የማያንስ፣ ያገለገለ የሲኒማ ፕሮጀክተር አለ። የማሽኑ ነፍስ አምፖሉ ነው፤ ክንድ የምታህል፣ መሀሏ እንደ እርጉዝ የተነፋ ብርጭቆ። አንዷ አምፖል ዓመት ትሠራለች ተብለን ነበር። የመጀመሪያዋ በወሯ ሞተች። ሁለተኛዋ ሃያ ቀን አልሞላትም። ሦስተኛዋ ደግሞ ጀግናው ጠላቱን ሊይዝ እጁን ሲዘረጋ ጠፋች፤ ተመልካቹ እኔን ሊይዝ ተነሣ።

አንዳንዱ "መብራቱ መጣ ሄደ ስለሚል ነው" አለ። ሌላው "ቡዳ በልቷት ነው" አለ። እኔ ለቡዳው አደላሁ። ቡዳ ከሆነ ጥፋቱ የእኔ አይደለማ!

ዋጃ ላይ ጋሽ ኑሩ የሚባሉ ሽማግሌ አሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ አዲስ አበባ ሲኒማ ቤት ውስጥ ሠርተው፣ ጡረታ ሲወጡ አገራቸው የገቡ ናቸው። የሞተችውን አምፖል ወስጄ ላሳያቸው ወሰንኩ።

አምፖሎቹ ሲመጡ በወፍራም የፕላስቲክ መከለያ ውስጥ ነበሩ። አብሮ የፊት መሸፈኛና ጓንት መጥቷል። መከለያውን ሚስቴ ወደደችው፤ ሽሮ አስቀመጠችበት። የፊት መሸፈኛውን ሽንኩርት ስትከትፍ ታደርገዋለች። ጓንቱን ደግሞ በግንቦት ቆቦ ላይ ማን ያጠልቀዋል? በግንቦት ጥላዬ ራሱ ትቶኝ ሄዶ ዛፍ ሥር ይቀመጣል። እናም ስገጥማት እንዳደረግሁት ሁሉ በቅቤ የራሰ ጎፈሬዬን ዳበስ ዳበስ አደረግሁና አምፖሏን በባዶ እጄ ፈታኋት። በሚስቴ ነጠላ ጠቅልዬ፣ ቀትር ላይ ከሮቢት መጥቶ ወደ ዋጃ የሚያልፍ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ።

የደረሰኝ የመጨረሻው ወንበር ነው፤ የመስኮቱ ጥግ። ከጎኔ ያለው ሰውዬ በሁለት እጁ አራት ዶሮ ይዟል።

ከቆቦ ወጣ እንዳልን አንዲት እናት ሕፃን ታቅፋ፣ ዘንቢል አንጠልጥላ ገባች። መቀመጫ የለም። በሩ ሥር ጎብጣ ቆመች። በእኛ አገር እንዲህ ሲሆን ማንም ማንንም አያስፈቅድም። ሕፃኑ ከእጅ ወደ እጅ በሰው ትከሻ ላይ እየተላለፈ መጣና እኔ ጭን ላይ አረፈ። ስድስት ወር ቢሆነው ነው፤ ክብደቱ ግን የአንድ ኩንታል ጤፍ ነው። አምፖሏን ወደ ጉልበቴ ገፋ አድርጌ እሹሩሩ ማለት ጀመርኩ።

ጋሽ ኑሩ ጋ የደወልኩት ያኔ ነው።

"ጋሽ ኑሩ፣ የሞተችውን አምፖል ይዤልዎ እየመጣሁ ነው።"

"ጎሽ። በመከለያዋ ነው አይደል?"

"መከለያዋ ውስጥ ሽሮ አለበት። በነጠላ ጠቅልያታለሁ።"

 

"እንድሪስ፣" አሉ ቀስ ብለው፣ "አሁን የት ናት?"

"ጭኔ ላይ።"

"ስማኝ። እንዳትጥላት። ምንም ነገር እንዳይመታት። ብትሞትም ውስጧ ያለው ጋዝ እንደታመቀ ነው። ትፈነዳለች፤ ስባሪዋ ዓይን ያጠፋል። ሰው አታስጠጋ!"

ሰው አታስጠጋ! ሕፃኑ የነጠላውን ጫፍ በሁለት እጁ ይዞ ወደ አፉ እየጎተተ ነው።

 "ሹፌር! ቀስ በል! ጭኔ ላይ የሚፈነዳ ነገር አለ!" ብዬ ጮህኩ።

ሹፌሩ በመስታወቱ አየኝ። ያውቀኛል። "ጋሽ እንድሪስ! አንተ ጋ ከምላስህ ሌላ የሚፈነዳ ነገር የለም!"

ሚኒባሱ በሙሉ ሳቀ።

"ወላሂ እውነቴን ነው!"

"ባለፈው ሳምንትም ወላሂ ብለህ ነበር፤ ግመል በባጃጅ ጫንኩ ያልክ ጊዜ!"

እናትየዋ ከበሩ ሥር ሆና፣ "ወንድምዬ፣ አብሽር፣ እሱ አይፈነዳም! ጠግቦ ነው የመጣው" አለችኝ። ስለ ልጇ የማወራ መስሏታል።

ወደ ባለ ዶሮው ዞርኩ። "ልጁን ያዝልኝ።"

"በየትኛው እጄ?" አለኝ፣ ዶሮዎቹን ከፍ አድርጎ።

ልውረድ ብል ሕፃንና አምፖል ታቅፌ ስንት ጉልበት ልሻገር ነው? ተውኩት። ሕፃኑን በግራ ክንዴ ወደ ዶሮዎቹ አስጠጋሁት፤ አምፖሏን በቀኜ ወደ መስኮቱ። ከዚያ በጎኔ ዞሬ ትከሻዬን በመካከላቸው አደረግሁ። ብትፈነዳ እኔን ታግኘኝ፣ ይኼ ዓለምን አይቶ ያልጠገበ ልጅ ምን አደረገ? ላቤ ከቅቤዬ ጋር ተቀላቅሎ ዓይኔ ውስጥ ይገባል፤ የምጠርግበት እጅ የለኝም። ያን መንገድ ሺ ጊዜ ሄጄበታለሁ፤ ጉድጓዶቹን አንድ በአንድ የተዋወቅኋቸው ግን ያን ቀን ነው።

ዋጃ ልንገባ ስንል ግመሎች መንገዱን አቋረጡ። ሹፌሩ ፍሬኑን ረገጠው።

ሁላችንም ወደ ፊት ተወረወርን። አምፖሏ ከእጄ አመለጠች። በጉልበቶቼ መሀል ቀለብኳት፤ ነጠላው ውስጥ አንድ ነገር ቋ ሲል ሰማሁ። ሕፃኑን ወደ ብብቴ አስገብቼ ዓይኔን ጨፈንኩ። ልሞት ነው ብዬ የጀመርኩትን ሸሃዳ አልጨረስኩም፤ ቃሉ ጠፋብኝ። ጠበቅሁ።

የመጣው የሕፃኑ እጅ ነው። ጎፈሬዬን ጨብጦ ሳቀ።

ስንወርድ እናቱ ተቀበለችኝ። "ወንድምዬ፣ ልጅ እንዳንተ አጥብቆ የሚይዝ ወንድ አይቼ አላውቅም። አላህ ያክብርህ" ብላኝ ሄደች። እኔ አምፖሏን በሁለት እጄ ይዤ ቀስ እያልኩ ወደ ጋሽ ኑሩ ግቢ ሄድኩ።

ጋሽ ኑሩ የብየዳ መከለያ ፊታቸው ላይ አጥልቀው፣ የቆዳ ጓንት አድርገው ይጠብቁኝ ነበር። አምፖሏን ተቀብለው ግቢያቸው ውስጥ ወደ ፀሐይ ያዟት። ሆዷ ላይ የአምስት ጣት አሻራ ተቃጥሎ ነጥቶ ይታያል።

"ይኼ ምንድነው?" አሉ። ቀና ብለው ፀጉሬን አዩ። "ቅቤ?"

"ቅቤ።"

"ብርጭቆው ሲግል ቅባቱ ያለበት ቦታ ይቃጠላል፤ እዚያ ላይ ይደክማል። የንጹሕ እጅ ላብ እንኳ ይጎዳታል፤ አንተ ጭራሽ ቅቤ ቀባሃት። ቡዳው አንተ ነህ፣ እንድሪስ።"

ሦስቱንም የገደልኳቸው እኔ ነበርኩ።

ለጎረቤት ተናግረው፣ አምፖሏን በድርብ ሸራ ጠቅልለው በርሜል ውስጥ አስገቧት። እኔን ከግንቡ ጀርባ አቆሙኝ። ከዚያ በገመድ የታሠረ ከባድ ብረት ከሩቅ ለቀቁባት። ድምፁን በምን ልግለጸው? የተነገራቸው ጎረቤቶች ሳይቀሩ ጎንበስ አሉ። ሸራውን ሲዘረጉት ስባሪው ሁለቱንም ድርብ በስቶ ወጥቷል።

እኔ በአንድ ነጠላ ነበር የያዝኳት።

አሁን አምፖል ልነካ ስል እጄን በሳሙና እታጠባለሁ፤ ጎፈሬዬን በሻሽ አስራለሁ፤ ጓንትና የፊት መሸፈኛ አደርጋለሁ። ሚስቴ መከለያውን መልሳልኛለች፤ እስካሁን ሽሮ ሽሮ ይላል። አራተኛዋ አምፖል ግን ይኸው ትሠራለች።

በቀደም ያችን ሴት ቆቦ ገበያ አገኘኋት። "ልጅ ወዳዱ ሰውዬ!" ብላ ልጇን ዘረጋችልኝ። አሁን ይራመዳል። ከመቀበሌ በፊት ባዶ እጄን ገልበጥ አድርጌ አየሁት። ከዚያ እውነቱን ሁሉ አንድ በአንድ ነገርኳት።

"ሂድ እዚያ! ስላንተ ነግረውኛል" አለችና ከት ብላ ሳቀች።

በሕይወቴ ሰው ሳያምነኝ ሲቀር ያዘንኩት ያን ቀን ነው። ለዚህ ነው የጻፍኩት። ልጇን አጥብቄ የያዝኩት በፍርሃት ስለነበር ምርቃቷን የተቀበልኩት በውሸት ነው፤ ምናልባት ስታነበው ታምነኝ ይሆናል።