በእርሳስ የታሸገው ወፍጯችን

ባለፈው ሳምንት ስልኬ ባትሪው አልይዝ ቢለኝ ነቀምቴ ባኬ ጃማ ሰፈር ወዳለ ስልክ ጠጋኝ ወሰድኩት። ወጣቱ ጀርባውን በጥፍሩ ዳበስ ዳበስ አደረገና መለሰልኝ።

«አባባ፣ ይሄ በሙጫ የተጣበቀ ነው። ከፍቼ ሌላ ባትሪ ብከትለትም አልቀበልም ይላል። ፋብሪካው ካልፈቀደለት አይሠራም።»

«ፋብሪካው የት ነው?» አልኩት። ሳቀ። እኔ ግን ሳቄ አልመጣም። የገዛሁትን ዕቃ ለመክፈት ፈቃድ ጠይቅ ስባል የመጀመሪያዬ አልነበረም።

ዘመኑ ደርግ ነው፤ እኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ። ወለጋ ውስጥ ኑኑ ቁምባ አጠገብ ያለው የገበሬ ማኅበራችን አባላት በቆሎውንም ቡናውንም አዋጥተው በናፍጣ የሚሠራ የእህል ወፍጮ ገዙ። ከዚያ በፊት እናቶቻችን በድንጋይ ወፍጮ፣ በእጅ ነበር የሚፈጩት። የእናቴን መዳፍ የነካ ሰው ያ ወፍጮ ለእኛ ምን እንደነበር ሌላ አስረጂ አያሻውም።

ማኅበሩ እኔንና ደበላን መርጦ ለሥልጠና ነቀምቴ ላከን። ደበላ አብሮ አደጌ ነው። ሦስት ወር በአንድ ክፍል፣ በአንድ ብርድ ልብስ ከረምን። ማታ ማታ አንጮቴ ቀቅለን ከአንድ ሳህን እንበላለን። ያስተማሩን ጋሽ ሽኩር የሚባሉ፣ ከጉራጌ አገር መጥተው ጋራዥ የከፈቱ ሰው ነበሩ። ሞተሩን እስከ መጨረሻዋ ብሎን አስፈትተው ዕቃውን ጆንያ ላይ ይበትኑታል፤ «በሉ ግጠሙት» ብለውን ምሳቸውን ሊበሉ ይሄዳሉ። ሲመለሱ አንድ ብሎን ተርፋ ካገኙ ሁሉም እንደገና ይፈታል። ደበላ ይፈጥን ነበር፤ እኔ ደግሞ ብሎን አላስተርፍም።

ሦስት ዓመት ወፍጮውን ሁለታችን ይዘን ኖርን። ቺንጊያው ሲበጠስ በጠፍር እየሰፋን፣ ናፍጣው ሲቆሽሽ እያጠለልን አንድም የገበያ ቀን ሳይቆም ሠራ። የሞቀ የበቆሎ ዱቄት ሽታ ከልብሴ አይለቅም ነበር፤ ልጃገረዶቹ ዳቦ እያሉ ይስቁብኛል።

ከዚያ ደበላ ነቀምቴ ባለ የመንግሥት የጥገና ጣቢያ ሥራ አገኘ። ደስ አለን፤ ዶሮ አርደን ሸኘነው። በዓመቱ፣ ሰኔ ሲገባ፣ አዲስ ቱታ ለብሶ፣ ሽቦና ፒንሳ ይዞ መጣ። የሞተሩን ፖምፓና ናፍጣ የሚያጠልለውን ፊልትሮ በሽቦ አሰረና ጫፉን በእርሳስ ማኅተም ደፈጠጠው።

«ከእንግዲህ ከጣቢያው ባለሙያ በቀር ማንም አይነካውም። ትእዛዝ ነው» አለ ለተሰበሰበው ሰው። ብቻችንን ስንቀር ግን ትከሻዬን ያዘኝ። «ኦቦሌሳ፣ ይሄ ለወጉ ነው። አንተ ታውቀዋለህ። ችግር ከመጣ ክፈተው፤ እኔ መጥቼ መልሼ አሽገዋለሁ።»

ወንድም ብሎኛልና አመንኩት።

ነሐሴ ላይ ወፍጮው ቆመ። የወለጋን ነሐሴ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ መንገዱ ጭቃ ይውጠዋል፤ ወንዙ ሞልቶ ድንጋይ እያንከባለለ ይወርዳል። ሁለት ጊዜ ወደ ጣቢያው ደብዳቤ ላክን፤ መልስ የለም። ሴቶቹ እህላቸውን በአህያ ጭነው ከወንዙ ማዶ ወዳለ ከተማ መሄድ ጀመሩ። አንድ ቀን የጎረቤታችን የአዴ ጫልቱ አህያ ከነጭነቷ በወንዙ ተወሰደች። እሳቸውን ከወንዙ ዳር ቁጥቋጦ ጋር ተናንቀው ያገኟቸው እረኞች ናቸው። ቤታቸው የሦስት ቀን አራስ ምራታቸው ገንፎ ትጠብቃለች።

ጭቃ እንደለበሱ ወፍጮ ቤቱ በር ላይ መጥተው ቆሙ። «ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ የሞተሩን በሽታ አታውቀውም?» አሉኝ።

አውቀው ነበር። ፊልትሮው ውስጥ ውሃ ገብቷል፤ ሌላ ምንም አልነበረም። ሽቦውን ቆረጥኩት። ከፈትኩ፣ አጠብኩ፣ ገጠምኩ፤ ብሎን አልተረፈም። ሞተሩ ሲነሳ እልልታው ከሞተሩ ድምፅ በለጠ።

መስከረም ላይ መንገዱ ሲደርቅ ደበላ ከሁለት ሹማምንት ጋር መጣ። ሕዝቡ ተሰበሰበ። «ማን ክፈት አለህ?» አለኝ አንደኛው።

ደበላን አየሁት። እሱ ማኅተሙን ያያል።

«ደበላ ነው» አልኩ። «ችግር ከመጣ ክፈተው ብሎኛል።»

«እኔ?» አለ፤ ድምፁ እንኳ አልተንቀጠቀጠም። «እንዳይነካ ያስጠነቀቅኩት እኔ ነኝ።»

አዴ ጫልቱ ተነሡ። «ማሽኑ በበቆሏችን የገዛነው የእኛ ነው። የገዛ ቤቴን በር ለመክፈት ማንን ላስፈቅድ?» አሉ። ተቀመጪ ተባሉ።

ደበላ ጎንበስ ብሎ ፊልትሮውን ከፈተው። ንጹሕ መሆኑን አየ። መልሶ ዘጋውና አሸገው። እኔን ግን ኢኮኖሚያዊ አሻጥር ሠርተሃል ብለው ነቀምቴ ወስደው አሰሩኝ። አራት ወር ታሰርኩ። መርማሪው ከጣቢያው የቀረበውን ጽሑፍ ሲያነብልኝ እንዲህ ይላል፦ «ሞተሩ ባልሠለጠነ እጅ በመነካቱ ለብልሽት ተዳርጓል።» ከታች የደበላ ፊርማ አለ። ከአንድ ጆንያ ላይ ብሎን አብሮኝ የለቀመ ሰው ፊርማ!

ስፈታ ወፍጮው አልጠበቀኝም። ለሙሉ ጥገና ብለው በመኪና ጭነውት ሄደው ነበር፤ አልተመለሰም። እናቴ ወደ ድንጋዩ ተመልሳ ጠበቀችኝ፤ ልታቅፈኝ እጇን ስትዘረጋ መዳፏን እንዳላይ ፊቴን አዞርኩ።

ዓመታት አለፉ፤ መንግሥትም ተለወጠ። ደበላም እኔም አርጅተን ዛሬ ነቀምቴ ውስጥ በከኒሳ ቀሴ ሰፈር እንኖራለን፤ ቤታችን ብዙ አይራራቅም። በልጁ ሠርግ ጠርቶኝ ሄጃለሁ፤ ሚስቴ ስትሞት ሦስት ቀን እቤቴ ተቀምጧል። በሕዝብ ፊት መካዱን ይቅር ካልኩት ቆየሁ። ሹማምንቱ አጠገቡ ቆመው ነበር፤ ሚስቱ እርጉዝ ነበረች፤ ሰው ይፈራል። ያንን ወረቀት ሲጽፍ ግን ብቻውን ነበር። «ያለ ፈቃድ ከፈተ» ብሎ ቢጽፍ ይበቃ ነበር፤ እኔን ለማሰርም አያንስም። «ባልሠለጠነ እጅ» የሚለውን ማንም አላዘዘውም።

ዛሬ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ዱላውን ተመርኩዞ ጠበቀኝና «አካም ቡልተ፣ ኦቦሌሳ?» አለኝ።

«ናጋ» አልኩት። ጎን ለጎን እስከ መታጠፊያው ሄድን። ስለ ዝናቡ አወራን።