የጋሽ ኢድሪስ አንድ መልስ

ባለፈው ሳምንት የጣለው ዝናብ የመሥሪያ ቤታችን መጋዘን ውስጥ ገብቶ አደረ። የምሠራው ሀርጌሳ፣ ወደ አየር ማረፊያው በሚወስደው መንገድ ላይ ነው፤ የሠራተኛውን ደመወዝ የማዘጋጀው እኔ ነኝ። ጠዋት በሩን ስከፍት የራሰ ወረቀትና የቀለም ሽታ ተቀበለኝ። ሌሎቹ አፍንጫቸውን ያዙ። እኔ ቆሜ ቀረሁ። ጋሽ ኢድሪስ ትዝ አሉኝ።

ልጅ ሆኜ እዚሁ ሀርጌሳ፣ 31 ሜይ የሚባል ሰፈር እንኖር ነበር። ወላጆቼ ያደጉት ድሬዳዋ ነው፤ ቤት ውስጥ አማርኛ፣ ደጅ ሶማልኛ እንናገራለን። ጋሽ ኢድሪስም የድሬ ሰው ናቸው። ከቤታችን ፊት ለፊት፣ በአንዲት የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ የነጋዴዎችን ሂሳብ ይይዛሉ። ቁልፎቹ የተፋቁ ካልኩሌተር፣ ጀርባቸው በቀይ ጨርቅ የተለበጠ ደብተሮች፣ ቁልፉ አንገታቸው ላይ የሚንጠለጠል የብረት ሳጥን አላቸው። በሩ ላይ አረንጓዴ መጋረጃ ተሰቅሏል። ከመጋረጃው ውጭ፣ በርጩማ ላይ፣ ባትሪው በላስቲክ የታሰረ ሬዲዮ ተቀምጧል። ደንበኛ ሲገባ ድምፁን ከፍ ያደርጉታል፤ ሲወጣ ይቀንሱታል። ውስጥ የሚባለው ውጭ እንዳይሰማ ነው። የሰፈሩ ወጣቶች ግድግዳውን ተደግፈው «ኧረ አንድ ደንበኛ ይግባልን፣ የኳሱን ውጤት እንስማበት!» ይሉ ነበር።

ቁጥር የጻፉበትን ብጣሽ ወረቀት አይጥሉም። ባልዲ ውስጥ ይዘፈዝፉታል፤ ቀለሙ ሲለቅ ጨምቀው ያድቦለብሉትና ፀሐይ ላይ ያሰጡታል። ሲደርቅ ከሰል ያያይዙበታል። ያ ሽታ የእሳቸው ደጅ ሽታ ነበር።

ሀርጌሳ ገበያ ገንዘብ መንገድ ዳር ተቆልሎ ይታያል። መንዛሪዎቹ ሶላት ሲደርስ ጨርቅ ጣል አድርገውበት ይሄዳሉ፤ የሚነካው የለም። ማን ምን ያህል እንዳለው ለማወቅ ግን ሰዉ እረፍት የለውም። ጋሽ ኢድሪስን ያልጠየቀ አልነበረም። መልሳቸው አንድ ነው።

«ማን ጠየቀኝ ልበለው?»

ጠያቂው ይህን ሲሰማ ወሬ ቀይሮ ይሄዳል። ደንበኛቸው ስላልሆነ ሰው ቢጠየቁም ያው ነው። እኛ ልጆች መጫወቻ አደረግነው። «ጋሽ ኢድሪስ፣ የኢማሙ ፍየል ስንት ወለደች?» እንላቸዋለን። ከደብተራቸው ቀና ሳይሉ «ፍየሏን ማን ጠየቀኝ ልበላት?» ይሉናል።

አባቴ የሞተው በአሥር ዓመቴ ነው። እናቴ ገበያ ውስጥ ጨርቅ ትሸጥ ነበር፤ የእሷም ደብተር እሳቸው ዘንድ ነበር። ሐዘኑ ትንሽ ቀለል እንዳለ የአባቴ ወንድም ከበርበራ መጣ። ከእናቴ ጋር ሲነጋገሩ ቆዩ። እኔ በግድግዳው በኩል የሰማሁት የመጨረሻውን ብቻ ነው።

«ያለሽን አንቺ ካልነገርሽኝ፣ ያ ሂሳብ ያዥ ይነግረኛል።»

ገንዘቧን ሊወስድባት ነው ብዬ ሮጥኩ። መጋረጃውን ገልጬ ገባሁ።

«ጋሽ ኢድሪስ፣ አጎቴ ሊጠይቅዎት እየመጣ ነው። ምንም የላትም ይበሉት።»

ብዕራቸውን አስቀመጡ። «አንቺስ ያላትን ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም። ግን ወላሂ ይወስድባታል!»

«ስሚ ሰሚራ። ዛሬ ስለ አንዷ የላትም ካልኩ፣ ነገ ስለ ሌላዋ ዝም ስል አላት ማለቴ ነው። አማና፣ የሰው አደራ፣ በግማሽ አይያዝም።»

አለቀስኩ። ካራሜላ ሰጡኝ፤ አልቀበልም አልኩ።

አጎቴ ሲገባ እኔ ውጭ ቆሜ ነበር። ሬዲዮው ጮኸ። የአጎቴ ድምፅ ግን ከሬዲዮው በላይ ነበር።

«የባሏ ወንድም ነኝ እኮ!»

«አላህ ይርሐመው። ማን ጠየቀኝ ልበላት?»

«እኔ ነኝ አልኩህ፣ አንተ ሽማግሌ! ንገራት!»

«እሺ፣ እነግራታለሁ። ቤቷ ግን ያውና፤ ከኔ ቀድመህ ትደርሳለህ።»

ግድግዳውን ከተደገፉት አንዱ ሳቀ። አጎቴ ፊቱ ጠቁሮ ወጣ፤ የዚያኑ ዕለት ወደ በርበራ ተመለሰ። ደስ አለኝ። ጋሽ ኢድሪስን ግን አንድ ወር ያህል ሰላም አላልኳቸውም። አንዲት ቃል ለምኛቸው ከልክለውኛልና።

ከጥቂት ዓመት በኋላ ድሬዳዋ ልጃቸው ዘንድ ሊኖሩ ሄዱ። ከመሄዳቸው በፊት ደንበኞቻቸውን አንድ በአንድ ጠርተው ደብተራቸውን በእጃቸው ሰጧቸው። እናቴ የእሷን ሻንጣ ውስጥ ቆለፈችበት። ስለ እሳቸው ከዚያ ወዲያ የሰማነው ሞታቸውን ነው።

ደብተሩን ያየሁት እኔም እናት ከሆንኩ በኋላ ነው። እናቴ ሻንጣዋን ስታራግፍ አወጣችው። ሁለት ገጽ ተጽፎበታል። የመጨረሻው መስመር አባቴ ሆስፒታል የገባ ሰሞን የተጻፈ ነው፤ «ቀሪ፦ የለም» ይላል። ከዚያ በኋላ ነጭ ነው።

«እማዬ፣ ገንዘብሽስ?»

«የቱ ገንዘብ? አባትሽ ሲታከም አለቀ። አጎትሽ ሲመጣ የነገ ዱቄት አልነበረኝም።»

«ታዲያ አጎቴ ምን ሊወስድ መጣ?»

«አንቺን ነዋ» አለች። «ካለሽ አሳድጊያት፣ ከሌለሽ ግን ልጅቷ ከኔ ጋር ትሄዳለች፤ ሚስቴ የቤት ሥራ የሚያግዛት ትፈልጋለች አለኝ። ትምህርቷስ ብለው ሳቀብኝ። ካላት ሴት ላይ ልጅ መንጠቅ ግን ነውር ነው፤ መጀመሪያ ማረጋገጥ ነበረበት። ሳያረጋግጥ ሄደ።»

ውሸት ይናገሩልኝ ብዬ የለመንኳቸው ነገር እውነት ነበር። ቢናገሩት ኖሮ በርበራ፣ የሰው ወጥ ቤት ውስጥ ነበር የማድገው።

«ጋሽ ኢድሪስ ይህን ያውቁ ነበር?»

«ከየት ያውቃሉ? አልነገርኳቸው። የሚያውቁት ደብተሩ ባዶ መሆኑን ብቻ ነው። ያንንም ያዙልኝ።»

አልሐምዱሊላህ አልኩ። ነጮቹን ገጾች እስከ መጨረሻው አንድ በአንድ ገለጥኳቸው፤ ጠርዛቸው ወይቧል፣ አንዲት ነጥብ የለባቸውም። ልጄ ከትምህርት ቤት ተመልሳ በሩን ስታንኳኳ ደብተሩ ገና ጭኔ ላይ ነበር።