ከአንድ ቆርቆሮ የወጣ ግራጫ

የማተሚያውን ሐር ከወረቀቱ ላይ ሳነሳ ክው ብዬ ቀረሁ። በገዛ እጄ የበጠበጥኩት፣ ከአንድ ቆርቆሮ የቀዳሁት ግራጫ ቀለም ሁለት ቀለም ሆኗል። ቀዩ ካሬ መሐል ያረፈው አረንጓዴ መስሏል፤ አረንጓዴው ካሬ መሐል ያረፈው ደግሞ ወደ ሮዝ ሄዷል።

የምሠራው ከዚራ ሰፈር ውስጥ ባለች ትንሽ ማተሚያ ቤት ነበር። በእንጨት ፍሬም ላይ በተወጠረ ሐር ቀለም እያሳለፍን የሳሙና መጠቅለያና የሱቅ ማስታወቂያ እናትማለን። ያን ሰሞን ግን ግሪካዊው ባለቤት ሰውም አበባም የሌለበት፣ ካሬ ብቻ የሆነ ሥዕል አምጥቶ፣ «ይህን አትሚልኝ፤ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ነው» አለኝ። ምኑ ይሰቀላል ብዬ በሆዴ ስቄ ነበር።

አሁን ግን ወረቀቱን ወደ ብርሃን አስጠግቼ ደግሜ አየሁት። የአባቴ ዓይን ወደ እኔ መጣ አልኩ። አባቴ ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ ቀይና አረንጓዴ ግን አይለዩም። ክሩን የምትመርጥላቸው እናቴ ነበረች። እሷ ከሞተች በኋላ የአንዲት ሙሽራ አረንጓዴ ቀሚስ በቀይ ክር ዘምዝመው ሰጡ፤ ሰፈሩ ሁሉ ሳቀባቸው። ከዚያ ወዲህ የስፌት መኪናቸውን ሸፍነው ቤት ዋሉ፤ የምንኖረው በእኔ ደመወዝ ነው። ቀለም የማትለይ ቀለም በጥባጭ ደግሞ ማን ያሠራታል?

የታተመውን የሚያሰጣውን ሶማሌ ባልደረባዬን ጠራሁት።

«ይሄ ምን ዓይነት ቀለም ነው?»

«አረንጓዴ ነዋ።»

«ያኛውስ?»

«ሮዝ። አቦ፣ ምን ሆነሻል ዛሬ?»

«ሁለቱም ከዚህች ቆርቆሮ ነው የወጡት!»

«ወላሂ ውሸት!»

አንድ ባዶ ወረቀት ሁለት ቦታ ቀድጄ የሁለቱን ግራጫዎች ዙሪያ ሸፈንኩበት። በቀዳዳው ያው አንድ ግራጫ ታየ። ሳነሳው ተመልሰው ተለያዩ። ደግሞ ሸፈንን፤ ደግሞ ገለጥን። እሱ «አዑዙ ቢላሂ!» ብሎ ወደ ኋላ አፈገፈገ። ዓይኔ ጤነኛ መሆኑ እፎይ ቢያሰኘኝም ድንጋጤው አልለቀቀኝም፤ ጤነኛ ዓይን እንዲህ ይዋሻል እንዴ? ጫጫታችንን ሰምቶ የመጣው ባለቤት ግን አየት አደረገና «እኔም ሁለት ቀለም ነው የማየው፤ ግሩም ነው!» ብሎ እጁን አሻሸ።

ከሥራ ስወጣ አንዱን ወረቀት ይዤ ሄጄ ለአባቴ አሳየኋቸው።

«አባባ፣ እነዚህ መሐል ላይ ያሉት ሁለቱ ይለያያሉ?»

አፍታም አላሰቡ። «ምናቸው ይለያያል? አንድ ናቸው እኮ።»

ከጠዋቱ የባሰ ደነገጥኩ። «እኛ ግን ሁለት ቀለም ነው የሚታየን» አልኳቸው።

«ሁላችሁም?»

«ሁላችንም። ባለቤቱም ጭምር።»

ወረቀቱን ተቀብለው አገላብጠው አዩት። ከዚያ ቀና ብለው፣ በቀስታ፣ «ታዲያ ማንም አልሳቀባችሁም?» አሉኝ።

«አልሳቀብንም» ልላቸው አፌን ስከፍት እንባዬ ቀደመኝ።