የጋሽ ፍሬን የሐሙስ ቀጠሮ

ወንድ አያለቅስም የሚል ካለ ወደ እኛ ጋራዥ ይምጣና ከእኔ ጋር ይነጋገር። እዚህ መኪና አጣቢ ነኝ። ከጠዋት እስከ ማታ ቱቦዬን ይዤ ስቆም የማላየው ነገር የለም፤ ምላሷም እንደ ቱቦዋ ነው ይሉኛል። ይበሉ! ዛሬ የማወራው ስለ ፍሬን ሠሪያችን ነው።

ጋሽ ፍሬን የምንለው በሥራው ብቻ አይደለም። ሰውየው ወሬ ይጀምርና መሀል ላይ ቀጥ ይላል። እንዴት አደርክ ስትለው ራሱን ይነቀንቃል፣ አለቀ። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ አንዲት ሴት ልጁን ለብቻው ነው ያሳደጋት። ጸጉር መጎንጎን ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ በመወልወያዬ ክር ላይ ነው የተለማመደው። ግራሶ የጠገበ ጣቱን እያየ «እንዲህ ነው? እንዲህ ነው?» ሲለኝ ሳቄን ውጬ አስተምሬዋለሁ። በማግስቱ ልጅቷ ጠማማ ሹሩባ ተሠርታ ትምህርት ቤት ስትሄድ አየኋት።

አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላት ነገር ተበላሸ። አንድ ቀን በስልክ ከማን ጋር እንደምታወራ ጠየቃት፤ አልነግርህም አለችው፤ ስልኳን ከእጇ ነጥቆ ከግድግዳ ጋር አላተመው። እሷም ልብሷን በሻንጣ ከትታ ታላቅ እህቱ ቤት ገባች። እህትየውም ነገሩን ስትጠብቀው የኖረች ይመስል፣ «ወንድ ሴት ልጅ አያሳድግም። እኔ ጋ ትቀራለች፤ ትምህርት ሲከፈት እዚሁ ሰፈሬ አስመዘግባታለሁ» ብላ ቁርጡን ነገረችው። እዚያ ከተመዘገበች ደግሞ ተመልሳ እንደማትመጣ እሱም ያውቃል፣ እኛም እናውቃለን። ትምህርት ሊከፈት ጥቂት ሳምንታት ነበር የቀረው።

ፍሬን ልታሠራ የመጣች ነርስ ናት የቤተሰብ ጉዳይ በቪዲዮ የምታማክር ባለሙያ እንዳለች የነገረችው። «ፊት ለፊት መሄድ ቢያፍሩ እንኳ ባሉበት ሆነው ያናግሯታል» አለችው። እኔ ጎማ እያጠብኩ ሰማሁ፤ ጆሮ ክዳን የለውም።

ከዚያ ወዲህ ሐሙስ አሥር ሰዓት ሲሆን ሠርቶ የጨረሰውን መኪና እኔ አጠገብ ያቆምና ስልኩን ይዞ ውስጡ እንደተቀመጠ መስኮቱን ጥርቅም አድርጎ ይዘጋል። ምን እየሠራህ ነው ሲሉት «ሙከራ ላይ ነኝ» ይላል። የቆመ መኪና ምኑ ይሞከራል? እኔ ግን ትንፍሽ አላልኩም።

ታዲያ አንድ ሐሙስ የገባበት መኪና የአንድ ጎረምሳ ነበር። ልጁ የኋላ ዕቃ መጫኛውን ወንበር በሚያካክሉ ድምፅ ማጉያዎች ሞልቶታል። ጠዋት «ጋሼ፣ እስቲ ይቺን ስማ» ብሎ የጋሽ ፍሬንን ስልክ ከመኪናው ጋር አገናኝቶ ሲያስጨፍረን ነበር። ስልኩም እንደተገናኘ ቀረ። ጋሽ ፍሬን ሙቀቱን ፈርቶ ማቀዝቀዣ ሊከፍት ሞተሩን ሲያስነሣ፣ የአማካሪዋ ድምፅ በማጉያው መጣ። እሱ «ዛሬስ የስልኬ ድምፅ ጠራ» ብሎ ደስ አለው። እኔ ደግሞ ኋላውን ላጸዳ ክዳኑን ብድግ አድርጌ ጨርቅ ላመጣ ሄጃለሁ።

«ስልኳን ሲሰብሩ ምን ተሰምቶዎት ነበር?» የሚል ድምፅ ጋራዡን አናወጠው።

መዶሻው ሁሉ ቆመ። በያጁ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቅሎ አንገቱን አሰገገ። ጋሽ ፍሬን ሴትየዋ ስለጮኸችበት እሱም መጮኽ ያለበት መስሎት ነው መሰለኝ፣ በዚያ በማናውቀው ድምፁ «ፈራሁ!» አለ። «እናቷን እንደቀበርኩ እሷንም አጣታለሁ ብዬ ፈራሁ! ይኸው ራሴው አባረርኳት!» ብሎ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ። ሮጬ ክዳኑን ብዘጋውም የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም።

ከዚያማ መጫወቻ አደረጉት። በተለይ ያ በያጅ፣ ባየው ቁጥር «ጋሽ ፍሬን፣ ዛሬስ ምን ፈራህ?» ይለዋል። እኔ በቱቦዬ አንዴ አርሼዋለሁ፣ ደግ አደረግኩ! ወሬው ግን እግር አውጥቶ እህትየው ጆሮ ደረሰና ሰኞ ዕለት ነጠላ ጫማዋን እያጮኸች መጣች።

«የቤተሰባችንን ገመና በድምፅ ማጉያ? ለማታውቃት ሴት? በቁም ገደልከኝ እኮ! ልጅቷን እርሳት። በሚመጣው ሳምንት አስመዘግባታለሁ» አለችው በሁሉም ፊት።

ጋሽ ፍሬን እጁን በጨርቅ ጠረገ። ያው እንደ ልማዱ ቀጥ ሊል ነው አልኩ። እሱ ግን ጨርቁን ወረወረና ቀና አለ።

«እቴቴ፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። የኔን ስደብቅ ነው ልጄ የጠፋችብኝ። ሐሙስ አሥር ሰዓት ቀጠሮ አለኝ። አልተውም። መስማት ያማረው ወንበሩን ይዞ ይምጣ!»

እሰይ! ብዬ ጮኽኩ። እህትየው ገላምጣኝ ሄደች።

ሐሙስ ያንኑ የጎረምሳውን መኪና ተውሶ መሀል ሜዳ አቆመው። አራቱንም በር፣ የኋላውንም ክዳን ወለል አድርጎ ከፈተ። ጋራዡ ሥራ የሚሠራ መስሎ ከበበው።

«ብቻዎን ነዎት?» አለች አማካሪዋ።

«አይደለሁም። ጋራዡ በሙሉ አለ።»

«እርስዎ መርጠውት ነው?»

«አዎ። ያፈርኩት ይበቃኛል።»

«እሺ። ልጅዎ ብትሰማዎት ምን ይሏት ነበር?»

ይኼኔ ነው ልጅቷን የጋራዡ በር ላይ ያየኋት። አክስትየው ቤት ገብታ በወንድሟ ላይ ስታማርር «ፈራሁ ብሎ አለቀሰ አሉ፤ ሐሙስም ሊደግመው ነው» ማለቷን ሰምታ ኖሯል፣ ብቻዋን መጥታለች። እሱ ጀርባውን ሰጥቷታል።

«ስልኩን መስበሬ ጥፋት ነው እላታለሁ። አባት ስለሆንኩ ልክ ነኝ አልልም። ጎትቼም አላመጣትም። ግን ቤቷ ቤቷ ነው፤ ማንም ተነሥቶ የሷን አልጋ ከቤቴ አያስወጣም!»

ልጅቷ በሰዉ መሀል ሰንጥቃ አልፋ መኪናው ውስጥ ጎኑ ተቀመጠች። ጋሽ ፍሬን አፉን ከፍቶ ቀረ።

«ማን ነው የገባው?» አለ ማጉያው።

«ልጁ ነኝ» አለች። ከዚያ ተመልሳ ወረደችና የኋላውን ክዳን ድርግም፣ በሮቹን አንድ በአንድ ድርግም አድርጋ ዘግታ ወደ በያጁ ዞረች። «ሥራ የላችሁም እንዴ?» ብላው ገባች። በያጁ መነጽሩን አወረደ። የቀሩትን እኔ በቱቦ በተንኩ።

ውስጥ ያወሩትን አልሰማንም። ከቆይታ በኋላ መስኮቱ በጣት ስፋት ዝቅ አለ።

«እትዬ፣ ለአክስቴ ደውይልኝ፣ ቁጥሯን በቃሌ ልንገርሽ። ሻንጣዬን ትላክልኝ በያት» አለችኝ ዓይኗን እየጠረገች። ከዚያ አባቷን በጎን እያየች፣ «እኔ ስልክ የለኝም» አለች።