በሬን ሰማያዊ ያስቀባኝ መጽሐፍ

እኔ አንባቢ ነኝ ብዬ አፌን ሞልቼ አልናገርም። ትምህርት ከጨረስኩ ወዲህ ከዳር እስከ ዳር ያነበብኩት ነገር ቢኖር የመንጃ ፈቃድ መጽሐፉን ነው። እሱንም ሁለቴ፤ መጀመሪያ ወድቄ ነበር።

ይሄኛውን ልቦለድ ያገኘሁት ከመኪናዬ የኋላ ወንበር ላይ ነው። የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው ልጄ ለትምህርት ቤት እንድታነበው ተሰጥቷት፣ ረስታው ወርዳለች። ሥራዬ እዚህ ቴክሳስ በመኪናዬ ሰው ማመላለስ ነው። ኤርፖርቱ አጠገብ ፓርክ አድርጌ ተራዬን ስጠብቅ፣ ስልክ መነካካቱ ሰልችቶኝ ገለጥ አደረግኩት። አምስተኛው ገጽ ላይ ስደርስ ጥሪ መጣ። ተሳፋሪዬን ግሬፕቫይን ከተማ አንድ ሆቴል በር ላይ አውርጄ ስመለስ የሚያሳስበኝ ትራፊኩ ሳይሆን የሴትዮዋ ነገር ሆነ።

ሴትዮዋ ማለቴ የመጽሐፉ ባለታሪክ ናት። በምትኖርበት ከተማ ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት ይበላል፣ አንድ ዓይነት ይለብሳል፣ አንድ ዓይነት ዘፈን ይሰማል። የሚያስገድድ ወታደር የለም። በየዓመቱ ሕዝቡ ምን እንደሚወድ በቅጽ ይጠየቃል፤ ብዙው ሰው የመረጠው ለሁሉም ይሆናል፤ አለቀ። የእሷ ሥራ መልሱን መቁጠር ነው። አንድ ቀን ታዲያ ሰዎቹ ከቅጹ ጀርባ የሞነጫጨሩትን ማንበብ ትጀምራለች። ለካ ለከተማው ሁሉ በየቀኑ የሚቀርበውን ሾርባ የሚወድ አንድም ሰው የለም! ሁሉም የሞላው ጎረቤቴ ይህን ይመርጣል ብሎ የገመተውን ነው።

እዚህ ላይ መኪና ውስጥ ብቻዬን ሳቅሁ። “ሰው ምን ይለኛል” እየተባለ ላደገ ሰው ይሄ ምኑ ይከብዳል? እኔ ራሴ በስንት ሰርግ ከረባት አንቆኝ የዋልኩት ማን ደስ ይለዋል ብዬ ነው?

ልጄ መጽሐፏን ስትፈልግ እጄ ላይ አገኘችው።

“ባባ፣ አንተ እያነበብከው ነው?”

“ሃምሳ ገጽ ይቀረኛል። አንቺስ?”

“እኔ... ማለቴ፣ ገና ቻፕተር ቱ ላይ ነኝ።”

በዚያው ሰሞን አባቴ ከአዲስ አበባ ሊጠይቁን መጥተው ነበር። ዕድሜ ልካቸውን ሰማያዊ በነጭ ታክሲ የነዱ ሰው ናቸው፤ አዲስ አበባ ውስጥ የማያውቁት ቅያስ የለም። የኛ ሰፈር ደግሞ ማኪኒ የምትባል ከተማ ውስጥ በቅርብ የተሠራ ነው። ጡቡ አንድ ዓይነት፣ ጣሪያው አንድ ዓይነት፣ የሣሩ ቁመት ሳይቀር አንድ ዓይነት ነው። በሩ ሁሉ ቡናማ ነው።

አንድ ጠዋት እግራቸውን ሊያፍታቱ ወጡ። ግማሽ ሰዓት አለፈ፤ አንድ ሰዓት ሞላ። ስልካቸው ጠረጴዛው ላይ ነው። ወጥቼ መንገዱን ላይ ታች አልኩ። የሉም። መኪናዬን አስነስቼ ልዞር ስል፣ ከአምስት ቤት በታች አንዲት ጠጉራቸው የነጣ አሜሪካዊት በራቸው ላይ ቆመው እጃቸውን ሲያወዛውዙ አየሁ። ሮጬ ሄድኩ። አባቴ ሳሎኑ ውስጥ በካልሲ ተቀምጠው፣ በረዶ የተጨመረበት ሻይ ይዘው ቤዝቦል ያያሉ።

“አባዬ! የት ጠፉ?”

“መቼ ጠፋሁ? ቤቴ የገባሁ መስሎኝ ነዋ! በሩ ክፍት ነው፣ ጫማዬን አውልቄ ገባሁ። ሶፋው ሲለወጥብኝ ነው የባነንኩት።”

እሳቸው ይስቃሉ፤ እኔ ግን አልሳቅሁም። ቴክሳስ ነው ያለነው። ሳያንኳኳ የሰው ቤት የገባ ሰው በጥይት ሊመታ ይችላል። ሴትዮዋን ይቅርታ ስል እጄን ያዙኝ። “ጫማውን በር ላይ አውልቆ የሚገባ ሌባ አይቼ አላውቅም” አሉኝ። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ቤዝቦል አብሯቸው ያየ ሰው እንዳልነበረም ነገሩኝ። አንድም የጋራ ቃል ሳይኖራቸው አንድ ሰዓት ሙሉ ሲጫወቱ ነበር።

በማግስቱ ቀለም ገዝቼ መጣሁ። መጽሐፉ ባይኖር ምናልባት በሩ ላይ ሪባን አስሬ እተወው ነበር፤ ያቺ ቆጣሪ ሴት ግን ልቤን አሳብጣዋለች። በሬን የአዲስ አበባ ታክሲ ሰማያዊ ቀባሁት። አባቴ ዕቃ እያቀበሉኝ “ዳሩን አትርሳ፣ ዳሩን!” ይላሉ። ሲያልቅ ራቅ ብለው አዩትና “ተሳፋሪ እንዳያስቆምህ ብቻ” አሉኝ።

ደብዳቤው ለመምጣት ሁለት ሳምንት አልፈጀበትም። ኤች ኦ ኤ የምንለው የሰፈሩ የቤት ባለቤቶች ማኅበር ነው የጻፈው፤ ትሕትናው ያስፈራል። በርዎ ከተፈቀዱት ቀለሞች ውጪ ነው ይላል። የተፈቀዱትን ዝርዝር አያይዘዋል፤ ስድስት ናቸው፤ አሸዋ፣ ኦቾሎኒ፣ ደረቅ ቅጠል... ስድስቱም ቡናማ! ቅሬታ ያለው ስብሰባው ላይ ይምጣ ይላል።

ለስብሰባው ንግግር አዘጋጀሁ። ስለ ሰው ልጅ ራስን መሆን፣ ስለ ነፃነት፣ ከመጽሐፉም ጣል እያደረግኩ። ልጄ እንግሊዝኛዬን አስተካከለችልኝ። መዋኛው አጠገብ ካለው አዳራሽ ገብቼ ሃያ ምናምን ጎረቤት ፊት ስቆም ግን ሁሉም ከጭንቅላቴ በነነ። የወጣኝ ይሄ ብቻ ነው፦ “አባቴ ቤታችንን መለየት አልቻሉም። ጠፉብኝ። ሌላ ምክንያት የለኝም።”

 ከኋላ ጠጉራቸው የነጣው ጎረቤቴ ተነሡ። “እኔ ጋ ነበር የመጡት፤ ጥሩ እንግዳ ናቸው። እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅ፤ ይሄን ቡናማ ወድዶት የቀባ ማን ነው? እጁን ያውጣ” አሉ።

አንድም እጅ አልወጣም። ፊት የተቀመጠ አንድ ትልቅ ሰውዬ “እኔ እኮ እናንተ የምትወዱት መስሎኝ ነው” ሲል አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። እኔ ግን ለመሳቅ ዘገየሁ፤ የመጽሐፉን ገጽ በዓይኔ ያየሁት መሰለኝ።

በድምፅ ብልጫ አራት ቀለም ተጨመረ። ሰማያዊም ገባ፤ የእኔው ሰማያዊ ግን አልነበረም፤ ጠቆር ያለ ነው። ሶ፣ እንደገና ቀባሁ። አባቴ አኮረፉ። “ይሄማ የፖሊስ መኪና ነው” ብለው ሁለት ቀን ሙሉ በጋራዡ በኩል ገቡ።

የመጽሐፉን መጨረሻ ያነበብኩት እሳቸውን ከሸኘሁ በኋላ፣ ልጄ ጨርሳ ስትመልስልኝ ነው። ሴትዮዋ የደረሰችበትን ለማንም ሳትናገር ወረቀቶቹን አቃጥላ ብቻዋን ተራራ ትወጣለች፤ እዚያ የራሷን ምግብ እያበሰለች፣ የራሷን ዘፈን እየዘፈነች ትኖራለች። ልጄ ይሄን ጨርሳ ዓይኗ እንባ ሞላ። እኔ ተናደድኩ።

“ባባ፣ ፍሪ ወጣች እኮ!”

“ወጣች። ግን ወረቀቱን ለምን አቃጠለችው? ለአንድ ጎረቤት ብታሳየውስ? ሾርባውን ማንም እንደማይወደው ያወቀችው እሷ ብቻ ናት፤ ይዛው ሄደች።”

“ግን ያኔ እንደነሱ ትሆናለች።”

“ለምን ትሆናለች? እኔ ስብሰባ ስለሄድኩ እንደነሱ ሆንኩ?”

የለበስኩትን አየችና “በዚህ ሸሚዝ? ኦኬ፣ አልሆንክም” አለች። ቀይና አረንጓዴ አበባ ያለበት ሸሚዝ ነው፤ እወደዋለሁ።

ለትምህርት ቤት የጻፈችው ላይ የሁለታችንንም ሐሳብ አስገባችው፤ “አባቴ ግን አይስማማም” ብላ አንድ አንቀጽ ሰጥታኛለች። አስተማሪዋ ከጎኑ በቀይ “ደራሲው ይህን ለማለት የፈለገ አይመስለኝም” ብላ ጻፈችበት። ልጄ ወረቀቱን አምጥታ እያሳየችኝ “ላጥፋው?” አለችኝ።

“እንዳታጠፊው” አልኳት። “እሷም አስተያየቷን ጻፈች እንጂ ሰርዢ አላለችሽም።”

አሁን ሁለተኛ መጽሐፍ ይዣለሁ። ይሄኛውን የሰጡኝ ጎረቤቴ ናቸው፤ ስለ ቤዝቦል ነው። አሥር ገጽ አንብቤ እስካሁን አንድም አልገባኝም።