ቀለቡ ይቆረጣል

አባቴ ሌላ ሴት ጋር መኖር ከጀመረ በኋላ እዚህ እስራኤል ትዳርን የሚዳኘው የረቢዎቹ ፍርድ ቤት ለእናቴ ቀለብ እንዲከፍል አዞት ነበር። ከጡረታዋ ጋር ተደምሮ ነቬ ሐይም ሰፈር የምትኖርበትን ቤት ኪራይ ይሸፍንላት ነበር።

ቆይቶ አባቴ ፍቺ ጠየቀ። በቀጠሮው ቀን አስተርጓሚው ስለቀረ እኔ እንዳስተረጉም ተጠየቅሁ። ተወልጄ ያደግሁት እዚሁ ሐደራ ከተማ ነው፤ አማርኛዬ ከቤት ወሬ አያልፍም። ቢሆንም እሺ አልኩ። መጀመሪያ አባቴ ከእናቴ ጋር መኖር እንደማይፈልግ የተናገረውን፣ እሷ አጠገቤ ተቀምጣ፣ በገዛ አፌ ለዳኛው ወደ ዕብራይስጥ መለስኩ።

ዳኛው ረቢ ባል የሚቀልበው ሚስቱን እንደሆነ አስረዳኝ። የፍቺውን ወረቀት ከተቀበለች ሚስትነቷ ያበቃል፤ ክፍያውም ይቆማል። ይህን በደንብ ንገሪያት አለኝ።

ወደ እናቴ ዞሬ፣ «ወረቀቱን ከተቀበልሽ ቀለቡ ይቆረጣል» አልኳት።

ፊቷ ፈታ አለ። «እንዲያ ከሆነ ይሁን፤ እቀበላለሁ» አለች።

ገረመኝ። የሰው እጅ ከማየት ነፃነቷን መረጠች ብዬ ኮራሁባት እንጂ ደግሜ አልጠየቅኋትም። በሌላ ቀን አባቴ እንደ ሥርዓቱ የፍቺውን ወረቀት እጇ ላይ ጣለላት፤ እሷም እንደታዘዘችው በሁለት እጇ ተቀበለችው።

ከወር በኋላ ከባንክ ደወለችልኝ። «ልጄ፣ የተቆረጠልኝ ቀለብ አልገባም ይሉኛል።»

«ቆሟል እኮ እማዬ። ይቆረጣል ብዬሽ ነበር።»

ከዚያ ቀስ ብላ አስረዳችኝ። በጎንደር ለሴት ቀለብ ተቆረጠላት ማለት ተወሰነላት ማለት ነው። እሷ ከተፋቱ በኋላ የዕድሜ ልክ ቀለብ የሚወሰንላት መስሏት ነበር። እኔ የማውቀው መቁረጥ ማቋረጥን ብቻ ነበር።

ጠበቃ ዘንድ ሮጥኩ። በዳኛ ፊት እሺ ብላለች፣ ፍቺውም አልቋል አለኝ። የእኛ የቤተ እስራኤሎች ቄስ አባቴን ለምነውት ነበር፤ ሕጉ ከለቀቀኝ ምን አለብኝ ብሎ መለሳቸው። ኪራዩን እኔ ልክፈል ብላት እናቴ እንቢ አለች፤ እኔም ሦስት ልጆች አሉኝ።

አሁን ኢንዱስትሪ ዞን ውስጥ ቢሮ ታጸዳለች። አንድ ጠዋት በመኪና ሳደርሳት ለምን እንዳልወቀሰችኝ ጠየቅኋት።

«ቋንቋውን ያላስተማርኩሽ እኔ» አለች፣ ቀበቶዋን እየፈታች። «አንቺን ምን ብዬ ልውቀስ?»

ወርዳ በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው።