የባልደራሱ ቅባት

ባልደራሱ የሰው ስም መያዝ አይሆንላቸውም። የገዛ አማቻቸውን እንኳ «ያ ረጅሙ» እያሉ ነው የሚጠሩት፤ በእጃቸው ያለፈ ፈረስ ግን አንዱም አይጠፋቸውም። ጋጣ ውስጥ ያረጁ ሰው ናቸው። ሲቀመጡ ወገባቸው፣ ሲነሱ ትከሻቸው ቀጭ ይላል፤ የሰማ ዞር ብሎ ሲያያቸው «ዘይት አልቆብኝ ነው» ብለው ይስቃሉ።

የጋጣው የድሮ አሠልጣኝ ቁጡ ሰው ነበር። ፈረስ በጠራራ ፀሐይ አረፋ እስኪደፍቅ ካልጋለበ ፈረስ አይሆንም ባይ ነው። ያነከሰውንም ህመሙን በመርፌ አደንዝዞ ለውድድር ያቀርበው ነበር። እሱ ሲሞት ሥራው ለሴት ልጁ ተላለፈ፤ ባልደራሱ በትከሻቸው ተሸክመው ላሳደጓት ልጅ ማለት ነው። እሷ ሁሉን ነገር ገለበጠችው። ፈረሶቹን ዳገት ለዳገት በእርምጃ ታስኬዳለች፣ እግራቸውን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ታቆማለች፣ ያመመውን ታሳርፋለች። ባልደራሱ መጀመሪያ ላይ «ይሄ ሥልጠና ነው ሽርሽር?» እያሉ ሲያጉረመርሙ ከረሙ። ኋላ ግን ቦራ፣ ያቺ ግንባሯ ላይ ነጭ ያለባት ባዝራ፣ ማነከሷን እርግፍ አድርጋ ስትተው አፋቸውን ይዘው ቀሩ።

ቦራ የልባቸው ናት። አንድ አመል አለባት፤ አንገታቸውን ሳትልስ ልጓም አትጎርስም። ሌሎቹ ሠራተኞች «ላቡ ጨው ጨው ስለሚላት ነው» ይላሉ። ባልደራሱ ግን ፍቅር ነው ይላሉ፤ እኔም የምፈርደው ለእሳቸው ነው።

በውድድር ቀን ፈረስ ከሳርና ከውሃ በቀር ምንም አይቀምስም። ሕጉ እንዲህ ነው፤ መድኃኒት ቀርቶ የህመም ቅባት እንኳ ክልክል ነው። ከሩጫው በኋላ ምርመራ አለ፤ ጠብታ ቢገኝ አሠልጣኟ ፈቃዷን ትነጠቃለች፣ እንዴት ገባ ብሎ የሚሰማት የለም። ይህን ለባልደራሱ እስኪታክታቸው ነግራቸዋለች። ቦራ ደግሞ ዕድሜዋ እየገፋ ነው። ከህመሟ ተነስታ የምትሮጠው ይህ ውድድር ካመለጣት ሌላ አይኖራትም።

የውድድሩ ዕለት ጠዋት ባልደራሱን ትከሻቸው ቀስፎ ያዛቸው። ሚስታቸው የህመም ቅባት አምጥተው ከትከሻቸው እስከ አንገታቸው አሿቸው። «በሕዝብ ፊት ፈረስ ይዘህ ልትዞር አይደል? እንዲህ ጎብጠህ ነው የምትዞረው?» አሏቸው። ባልደራሱም ቀና ብለው፣ ሐሳባቸው ሁሉ ሜዳው ላይ ሆኖ ወደ ጋጣው ከነፉ። ቦራ እንደ አመሏ አንገታቸውን ላሰች፣ ልጓሟን ጎረሰች። የቅባቱ ሽታ ከኮሌታቸው ወጥቶ አፍንጫቸው የገባው ያን ጊዜ ነው። ክው ብለው ቀሩ።

ያየ ሰው የለም። ምን ያህሏን ልሳ ነው፣ አይታወቅም ይሆናል ብለው ራሳቸውን ለማታለል ሞከሩ። ቦራ ጆሮዋን አቁማ ወደ ሜዳው ታያለች፤ መሮጥ አምሯታል። ቢሆንም እግራቸውን እየጎተቱ አሠልጣኟ ኮርቻ ወደምታሰናዳበት ክፍል ሄዱ።

«ልጄ፣ ቦራ ዛሬ አትሮጥም።»

«ምን ሆነች?»

«እኔ ነኝ የሆንኩት» አሉና ኮሌታቸውን ገልጠው አንገታቸውን አሳዩአት። «ቅባት ተቀብቼ መጣሁ። ላሰችው።»

አሠልጣኟ ኮርቻውን አስቀመጠች። ተናደደች፤ ቢያንሳት ነው። «ስንቴ ነገርኩዎት፣ ጋሼ? ስንቴ?» አለች፤ ድምጿ የአባቷን ይመስል ነበር። ከዚያ በሩን በርግዳ ወጥታ፣ ዳኞቹ ዘንድ ሄዳ ቦራን ከውድድሩ አስወጣች።

ሌሎቹ ፈረሶች ሲሮጡ ሁለቱ ቦራን ይዘው ከአጥሩ ጎን ቆመው አዩ። የኮቴው ድምፅ በተሰማ ቁጥር ቦራ ልጓሟን ትስባለች፤ ባልደራሱም ልጓሙ በተሳበ ቁጥር እንባቸው ይመጣል። ሩጫው አለቀ፣ ሜዳው ጭር አለ።

«ዝም ቢሉ እኮ ትሮጥ ነበር» አለች አሠልጣኟ በመጨረሻ። ቁጣዋ በርዷል። «ምናልባትም አይታወቅብንም። እንደምቆጣም ያውቃሉ። ለምን ነገሩኝ?»

ባልደራሱ የቦራን ጋማ ዳሰሱ።

«እንጃ» አሉ። «አባትሽ ቢሆን አልነግረውም ነበር።»